አባቴ ያላነበበው ማመልከቻ

አባቴ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራበት ማተሚያ ቤት የተዘጋው ሃምሳ ስድስት ዓመት በሞላው በሳምንቱ ነው። የጥረዛ ክፍል የፈረቃ አለቃ ነበር። መጽሐፉም ደብተሩም ታትሞ ሲያልቅ የሚታጠፈው፣ የሚሰፋውና ጠርዙ የሚቆረጠው እሱ ክፍል ነው። ቤት ውስጥ እንኳ ወረቀት ካየ ዝም ብሎ አያልፍም። የመብራት ደረሰኝ ሲመጣ ከሒሳቡ በፊት ወረቀቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ «ይሄ ሰባ ግራም አይሞላም፤ አጭበርብረዋቸዋል» ይላል።

መጀመሪያ ሰሞን «በእጁ ሙያ ያለው ሰው አይወድቅም» እያለ እኛን ያጽናና ነበር። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ፣ አራተኛው ገባ። ጠዋት እንደ ሥራ ቀን ተነስቶ ይላጫል፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ይለብስና ሶፋው ላይ ይቀመጣል። እናቴ ወለሉን ስትወለውል እግሩን ያነሳላታል፤ እሷ ታልፋለች፤ እሱ መልሶ ያወርዳል።

እኔ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ሥራዬን ያገኘሁት ኤአይ በጻፈልኝ ማመልከቻ ነው። ስልክ ላይ የሚጫን ነገር ነው፤ ሲቪህንና የሥራ ማስታወቂያውን ትሰጠዋለህ፣ የጎደለውን ይጠይቅሃል፣ ከዚያ ለዚያ መሥሪያ ቤት ብቻ በልክ የተሰፋ ደብዳቤ ያወጣልሃል። «አባዬ፣ ላንተም እንሞክር» አልኩት።

«ስለ እኔ ምን ያውቃል? አብረን ሠርተናል እንዴ?»

«አንተ ትነግረዋለህ፣ እሱ ይጽፋል።»

«እንግዲህ ጻፊ ካልሽ ጻፊ» አለኝ።

አስራ አራት ማመልከቻ ጻፍን። ለጫማ ፋብሪካ ስንልክ «ከወረቀት ወደ ቆዳ የሚሸጋገር ስለታም ዓይን» አለው። ለዳቦ ቤት ስንልክ «እኩል የመቁረጥ ጥበብ» አለው። ለአንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ያወጣውን ጮክ ብዬ ሳነብለት አባቴ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ይሄ ሰውዬ ከእኔ ይበልጣል! እሱኑ ይቅጠሩት!» አለ። እናቴም ከጓዳ ሆና ሳቀች። ከአስራ አራቱ መልስ የሰጡን ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም «እናመሰግናለን» ብለው ዘጉት።

አስራ አምስተኛው የካርቶን ፋብሪካ ነበር። ማስታወቂያው የመቁረጫ ክፍል ፈረቃ መሪ ይፈልጋል። የአባቴን ሥራ ቁልጭ አድርጎ የጻፈ ነው የሚመስለው። ከታች ደግሞ «ለሠራተኞች ደህንነት ቅድሚያ የሚሰጥ» የሚል ነበረበት። ኤአዩ እሷን መስመር ያዘና ጠየቀኝ። ጥያቄውን እንዳለ አነበብኩለት።

«አመልካቹ በመሩት ክፍል የሥራ ላይ አደጋ ደርሶ ያውቃል? ደርሶ ከሆነ ምን ትምህርት ተወሰደበት? ይላል።»

አባቴ በሩ ደፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ይቦርሽ ነበር። ቡርሹ ቆመ።

«ምንም» አለ።

«ምንም ማለት አልደረሰም ልበለው?»

«ምንም አልኩሽ እኮ! ስንቴ ልናገር?» ብሎ ወደ ጫማው አጎነበሰ።

እንደዚያ አይቆጣኝም ነበር፤ ግን ሥራ መፍታት ሰውን ያነጫንጨዋል ብዬ አለፍኩት። «ምንም አደጋ ደርሶ አያውቅም» ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤው ሲወጣ ሦስተኛው አንቀጽ እንዲህ ይላል፦

«በመራሁት ክፍል ደህንነት ሁልጊዜ ከምርት ይቀድማል። ስለታም መቁረጫዎች ያለ ዕረፍት በሚሠሩበት ቦታ ባሳለፍኳቸው ሃያ ሁለት ዓመታት፣ የአንድ ሠራተኛ ጣት እንኳ ተጭሮ አያውቅም። ከእኔ ጋር የሠራ ሁሉ ጠዋት እንደመጣ ሙሉ ሆኖ ወደ ቤቱ ተመልሷል።»

ደስ አለኝ። እኔ ብሆን በአንድ መስመር የምጨርሰውን እንዲህ አሳምሮ ማውጣቱ ገረመኝ። ከደብዳቤው በታች ማሳሰቢያ አስቀምጧል፦ «ሦስተኛው አንቀጽ ከአንድ አጭር መልስ ተነስቶ የተስፋፋ ነው። ከመላክዎ በፊት አመልካቹ ራሳቸው አንብበው እውነት መሆኑን ያረጋግጡ።»

«አባዬ፣ ና አንብበው፤ አንተ ማየት አለብህ ይላል።»

«መነጽሬ የት እንዳለ እንጃ። አንቺ ካነበብሽው ምን ቀረው? ላኪው በቃ።»

ላክሁት።

በዘጠነኛው ቀን ክሊኒክ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ አባቴ ለቃለ መጠይቅ እንዲመጣ ከካርቶን ፋብሪካው ነገሩኝ። አንድ ታካሚ መንጋጋውን ይዞ እያቃሰተ ፊቴ ቆሟል፤ እኔ እስቃለሁ። እናቴ ስትሰማ እልል ልትል አፏን ከፍታ፣ «ቆይ፣ ገና ነው» ብላ በእጇ ከደነችው።

አባቴ ብቻውን መሄድ ፈራ። «ስለ ደብዳቤው የኮምፒውተር ነገር ከጠየቁኝ ምን እላለሁ? አብረሽኝ ነይ» አለኝ። ከክሊኒኩ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰድኩ።

ፋብሪካው በር ላይ ገና ስንደርስ ሙጫና እርጥብ ወረቀት ሸተተን። አባቴ ያን ሽታ ሲስበው ትከሻው ቀና ሲል አየሁ። ወለሉ ላይ መሄጃው በቢጫ ቀለም ተሰምሯል፤ ከመስመሩ ሳንወጣ ተከትለን ወደ ቢሮዎቹ ስናልፍ በመስኮት አንድ መቁረጫ ማሽን ታየው። ቆመና ጆሮውን ሰጠ። «ስሚ፣ ቢላዋው ደንዝዟል። ወረቀት ሲቆረጥ እንዲህ አያጓራም» አለኝ። ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የድሮው አባቴ መሰለኝ።

እሱ ገባ፤ እኔ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። ውስጥ ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ደውሎልኝ የነበረው የሰው ኃይል ኃላፊና የምርት ኃላፊው። ብዙም ሳይቆይ ሳቅ ሰማሁ። ስለደነዘዘው ቢላዋ ነግሯቸው መሆን አለበት፤ የምርት ኃላፊው «እኔም ይሄንኑ ስል ማን ይስማኝ!» ሲል ድምፁ እኔ ጋ ደረሰ። ተቀጥሯል፣ አለቀ አልኩ በልቤ።

ከኮሪደሩ ጫፍ አንዲት ሴት እየተጣደፈች መጣች። ነጭ የሥራ ቆብ አድርጋለች፤ ክንዷ ስር ክላሰር ይዛለች። ሠላሳን ትንሽ ያለፈች ናት። እኔን ስታይ ፈገግ አለች።

«ለቃለ መጠይቅ ነው?»

«አባቴ ነው የገባው።»

«ይቅናው» አለችኝና በግራ እጇ በሩን ከፍታ ገባች።

ሳቁ ቆመ። ወንበር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ የሴቲቱ ድምፅ፣ ረጋ ያለ፣ የሚያነብ ሰው ድምፅ። ከዚያ የአባቴ፣ ምን እንዳለ አልገባኝም፣ ብቻ ፈጠን ፈጠን ብሎ ይናገራል። በሩ ተከፈተና የሰው ኃይል ኃላፊው ብቅ አለ።

«የሳቸው ልጅ አንቺ ነሽ? እስቲ ግቢ።»

ደብዳቤውን ወደውት ነው ብዬ ቀሚሴን አስተካክዬ ገባሁ።

አባቴ እጆቹን ጉልበቶቹ መሐል ወሽቆ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል። አመመው እንዴ ብዬ ወደ እሱ ስራመድ የሰው ኃይል ኃላፊው በእጁ ወንበር አሳየኝ።

«ይህን ማመልከቻ የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ በኤአይ ነው» አልኩ፤ አሁንም ኩራቴ አልለቀቀኝም። «መረጃው ግን የአባቴ ነው።»

ሴትዮዋ የሥራ ደህንነት ኃላፊ መሆኗን ነገረችኝ። ከዚያ «ሦስተኛውን አንቀጽ ታነቢልኛለሽ?» ብላ ወረቀቱን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አድርጋ ሰጠችኝ።

የገፋችው በቀኝ እጇ ነው። አየሁት ግን አላየሁትም፤ ወረቀቱን አንስቼ ማንበብ ጀመርኩ። «በመራሁት ክፍል ደህንነት ሁልጊዜ ከምርት ይቀድማል...» እያልኩ «የአንድ ሠራተኛ ጣት እንኳ» ጋ ስደርስ ዓይኔ ከወረቀቱ በላይ አለፈ። እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትታዋለች። አውራ ጣትና ትንሿ ጣት አሉ። መሐል ያሉት ሦስቱ ከአንጓቸው በላይ የሉም።

ማንበቤን አቆምኩ።

«ጨርሺው» አለች፤ ቁጣ የለበትም።

«...ተጭሮ አያውቅም። ከእኔ ጋር የሠራ ሁሉ ጠዋት እንደመጣ ሙሉ ሆኖ...» ከዚያ በኋላ አልቻልኩም። ነገሩ ገና አልገባኝም ነበር፤ ወረቀቱን ግን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«አባትሽ አላነበብኩትም፣ ልጄ ከማሽኑ ጋር ሆና የጻፈችው ነው፣ እኔ እንዲህ አላልኩም ይላሉ» አለችኝ። «እውነት ነው?»

ክው አልኩ። ወደ አባቴ ዞርኩ። አያየኝም፤ የጠረጴዛውን እግር ያያል። ሕይወቴን ሙሉ፣ ከሰፈር ልጅ ጋር ስጣላ እንኳ፣ ጥፋቱ የኔ ሆኖም ከፊቴ የሚቆም ሰው ነበር። አሁን እኔን ከፊት አቁሞ ከኋላዬ ገብቷል። አዎ፣ ማሽኑ ከራሱ ፈጥሮ ነው ብል ሊያልፍ ይችል ነበር። አፌም ሊል ተከፍቶ ነበር። ግን እጇ ጠረጴዛው ላይ ነው።

«ጠይቄው ነበር» አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ያን ቀን የተጻጻፍነውን ፈለግሁና አነበብኩላቸው፤ ጥያቄውን፣ «ምንም አደጋ ደርሶ አያውቅም» የሚለውን መልስ፣ ከታች ያለውንም ማሳሰቢያ። ሳነብ የገዛ አባቴን የምከስ መሰለኝ። መሰለኝ ምን ይባላል፣ እየከሰስኩት ነበር።

ሴትዮዋ ወደ ሰው ኃይል ኃላፊው ዞረች። «ይኸው፣ ማሽን እንኳ አደጋ ደርሶ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔን ያኔ ማንም አልጠየቀኝም» አለች።

ከዚያ ለእኔ ነገረችኝ። ለእነሱ ሳይሆን ለእኔ፣ ቀስ ብላ፣ ነገሩ የማይገባውን ሰው እንደሚያስረዱ። አባቴ ይመራው በነበረው የጥረዛ ክፍል ያለው ወረቀት መቁረጫ ሁለት ቁልፍ አለው፤ በግራና በቀኝ። ሁለቱም ካልተጫኑ ቢላዋው አይወርድም። እንደዚያ የተሠራው ሁለቱም እጅ ቁልፉ ላይ እንዲሆን፣ አንዱም ቢላዋው ስር እንዳይቀር ነው። ትምህርት ቤት ሊከፈት ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ደብተሩ ተከምሯል፤ አስተዳደሩ ቶሎ ቶሎ ይላል። አለቃው መጥቶ ካርቶን አጣጥፎ ሽብልቅ ሠራና አንደኛውን ቁልፍ እንደተጫነ እንዲቀር ወሸቀበት። «በአንድ እጅሽ ወረቀቱን እያስተካከልሽ በሌላው ተጫኚ፤ እጥፍ ትሄጃለሽ» አላት። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። በተቀጠረች በአራተኛ ወሯ።

«በሦስተኛው ቀን ሆነ» አለች። «ከሆስፒታል ሆኜ ሽብልቅ ነበረበት አልኩ። ሄደው ሲያዩ የለም። አለቃውን ሲጠይቁ አላየሁም አሉ። ሪፖርቱ ላይ "ከባልደረባዋ ጋር ስታወራ በራሷ ቸልተኝነት" ተብሎ ተጻፈ። እናቴ ይህን ከሰማች አስራ አንድ ዓመቷ ነው። ሰሃን ከእጄ በወደቀ ቁጥር ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ? "አፍሽ እጅሽን በላው" ነው የምትለኝ።»

የሰው ኃይል ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ ጉዳዩ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን ከዛሬው ቃለ መጠይቅ ጋር...»

«ሁለት ደቂቃ ብቻ ስጠኝ» አለችው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «አንድ ጥያቄ ነው ያለኝ፤ አስራ አንድ ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። ሽብልቁን ማን አወጣው?»

ከግድግዳው ወዲያ ማሽኑ ያጓራል። መጀመሪያ «አላውቅም» ባለ ብዬ ተመኘሁ። ወዲያው ደግሞ እንዲያ ካለ ዳግመኛ ዓይኑን ማየት እንደማልችል አወቅሁ።

«እኔ» አለ።

«አንቺን ይዘው ሲወጡ...» አለና እራሱን አረመ፣ «እርስዎን ይዘው ሲወጡ፣ ሁሉም ተከትሎ ወጣ። እኔ ወደ ማሽኑ ተመለስኩ። ገና ደሙ ሳይጠረግ። አወጣሁትና ኪሴ ከተትኩት። ወደ ቤት ስሄድ ድልድዩ ላይ ስደርስ ወደ ወንዙ ወረወርኩት። ሦስት ልጆች ነበሩኝ፤ እንዳያባርሩኝ ፈራሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ከሦስቱ ልጆች አንዷ እኔ ነኝ። አስራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ያን ሳምንት አባቴ ትኩሳት ነው ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር፤ ውሃ ይዤለት ስገባ «ልጄ፣ ተባረኪ» ይለኝ ነበር።

ሴትዮዋ አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። ከክላሰሯ ነጭ ወረቀት አወጣችና ከእስክሪብቶ ጋር ፊቱ አስቀመጠች።

«ይጻፉልኝ። በራስዎ እጅ።»

አባቴ ጻፈ። ወረቀቱን ሲይዝ እንኳ እንደ ልማዱ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ከዚያ ያፈረ መሰለኝ፣ እጁን ሰበሰበ። ስድስት መስመር ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። አንዴ ቀና ብሎ «ቀኑን ልጻፍ?» አላት።

«ይጻፉ። የዛሬውንም፣ የዚያንም።»

የዚያን ቀን ሳያስብ ጻፈው። ያን ቀን በልቡ ይዞት እንደኖረ የገባኝ ያኔ ነው።

ሲጨርስ ጮክ ብሎ አነበበውና ፈረመ። የሰው ኃይል ኃላፊው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። መጀመሪያ ላይ ከአባቴ ጋር ይስቅ የነበረው የምርት ኃላፊ ማንም ሳይጠይቀው ወረቀቱን ሳበና «እኔም ሰምቻለሁ» ብሎ ከስሩ ስሙን ጽፎ ፈረመ።

ከፋብሪካው ወጥተን እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሄድን። ፌርማታው ላይ አልቻልኩም።

«አባዬ፣ በእኔ ልታላክክ ነበር።»

«አዎ» አለ።

ይቅርታ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ደግሞ «አዎ» አለ፤ ከዚያ አውቶቡሱ መጣ። አንድ ወንበር ላይ አልተቀመጥንም።

እናቴ በሩን ከፍታ ትጠብቀን ነበር። «እሺ፣ እንዴት ሆነ?» አለች፤ ፊታችንን ስታይ ፈገግታዋ ወረደ። አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ፣ እንደቆመ ነገራት። ምንም አላስቀረም። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ያን ሳምንት ትኩሳት ነው ብለኸኝ» አለችው፣ «ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ እያራስኩ ግንባርህ ላይ ሳደርግልህ የነበረው... የዚያች ልጅ ደም ነበር ያቃጠለህ?»

ሦስት ቀን አላናገረችውም። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ዞር ትላለች። ሲያመሰግናት እንዳልሰማች ትሆናለች። በአራተኛው ቀን «ሻይህ በረደ» አለችው፤ አባቴ ብርጭቆውን ይዞ አለቀሰ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከፋብሪካው «ለጊዜው ሌላ አመልካች መርጠናል» የሚል መልእክት መጣ። እኔም ኤአዩን ለእሱ አልከፈትኩትም፤ እሱም ጻፊልኝ አላለኝም። የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ የምትጠርዝ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ በራሱ እግር ሄዶ ሥራ አገኘ። ባለሱቁ ማመልከቻ አልጠየቀውም፤ አባቴ ግን ሳይጠየቅ ነገሩን ሁሉ ነግሮት ነው የገባው። ባለሱቁ ለእናቴ ሲያጫውታት «ሰውዬው ሥራ ሊጠይቅ ነው ወይስ ንስሐ ሊገባ ነው የመጣው ብዬ ግራ ገባኝ» ብሏታል።

በሦስተኛው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ሴትዮዋ ናት።

«ወረቀቱን ለእናቴ አነበብኩላት» አለችኝ። «ምን አለችኝ መሰለሽ? "ያኔም ስታወራ ነበር ያለኝ ወረቀት ነው" አለችኝ። ከአፋቸው ካልሰማሁ አላምንም ትላለች። ይመጣሉ?»

ለአባቴ ስነግረው እምቢ ይላል ብዬ ነበር። «መቼ?» ብቻ አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን። ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ነው፤ መሐሉ ላይ የውሃ ቧንቧ አለ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። ቤቱ አንድ ክፍልና ትንሽ ጓዳ ነው። እናቲቱ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ትንሽ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ ፊታቸው ቆመ።

«እማማ» አለ፣ «የመጣሁት... ልጅዎ እጇን የተጎዳችው በእኔ ጥፋት መሆኑን ልነግርዎ ነው።»

«ምን?» አሉ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው። «ጮክ በል፤ አልሰማም።»

አባቴ ደገመው።

«ጮክ በል አልኩህ እኮ!»

«ሽብልቁን የወሸቅኩት እኔ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። «ያወጣሁትም እኔ ነኝ! ልጅዎ እውነቷን ነው! እኔ ነኝ የዋሸሁት!»

ውጭ የልብስ እጥበቱ ድምፅ ቆመ። ግቢው በሙሉ ሰምቷል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ አባቴ ግን ወደ በሩ አልዞረም።

«ስታወራ ነበር ብለውኛል» አሉ እናቲቱ።

«አላወራችም! አንድ ቃል አላወራችም! ዝም ብላ እየሠራች ነበር!»

አሮጊቷ አባቴን ትተው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አላወራሽም?»

«አላወራሁም፣ እማ።»

«ነግረሽኝ ነበር።»

«ነግሬሽ ነበር። ስንቴ ነገርኩሽ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ የተጎዳውን እጇን ሰጠቻቸው። እናትየው ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሦስቱን ጉቶዎች አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ከሁኔታቸው ከዚያ በፊት ነክተውት የማያውቁ ይመስሉ ነበር። «ይቅር በይኝ» አሏት። «አስራ አንድ ዓመት በአፌ የቆረጥኩሽ እኔ ነኝ።» ፋብሪካው ውስጥ ያልፈሰሰው የልጅቷ እንባ ያኔ ፈሰሰ።

ለአባቴ ምንም አላሉትም። ኮፍያውን ይዞ ቆሞ ጠበቀ፤ ቀናም ብለው አላዩትም። መጨረሻ ላይ ልጅቷ ዓይኗን ጠርጋ እስከ ግቢው በር ሸኘችን።

«ይቅርታ አላደረግኩልዎትም» አለችው። «እንዲያው እንዳይጠብቁ ብዬ ነው።»

«አልጠብቅም» አለ አባቴ።

«ልጆች ስንት አሉዎት?»

«ሦስት።»

«ሁሉም ያውቃሉ?»

አባቴ ወደ እኔ አመለከተ። «ይቺ ብቻ።»

ራሷን ነቀነቀችና በሩን ዘጋችው።

መንገዱ ዳር ትንሽ እንደሄድን አባቴ ቆመና ስልኬን ጠየቀኝ። ሌላ ከተማ ያለው ታላቅ ወንድሜ ጋ ደወለ። ወንድሜ «አባዬ፣ ደህና ነህ? ምን ሆንክ?» ሲል እኔም ሰማሁት። አባቴ ለአሮጊቷ በጮኸበት ድምፅ መናገር ጀመረ፤ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አልተቻለውም። መኪና ያልፋል፣ ሰው እየዞረ ያየዋል። ቀስ በል ልለው ፈለግሁና ተውኩት። ከፊት ለፊቱ ካለው ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ከወንድሜ ጋር ሲጨርስ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ታናሽ እህቴ ጋ ደወለ።